የቀረችው ጉርሻ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደባርቅ ላይ፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። የከተማውን ሴት ሁሉ ወገብና ደረት አውቃለሁ፤ ሙሽራ ገና በር ላይ ስትቆም ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃት እነግራታለሁ። የራሴን ግን ለክቼ አላውቅም ነበር። በየዓመቱ ቀሚሴን በጎንና በጎኑ እተረትርና ቁራጭ ጨርቅ እጨምርበታለሁ። ከጠየቁኝ "ፋሽን ነው" እላለሁ። ማን ደፍሮ ምን ይለኛል? ምላሴን ያውቁታል!

ደግሞስ በእኛ አገር መወፈር ምኑ ያሳፍራል? "እሰይ፣ ተመችቶሻል! አምሮብሻል!" እያሉ ነው ሰላም የሚሉኝ። የሚታዘንለት የከሳ ሰው ነው። ስለዚህ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እየተመሰገንኩ ወፈርኩ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ የደባርቅን ብርድ እረግማለሁ፤ ጉልበቴ ሲጮህ የስፌት መኪናውን ፔዳል እረግማለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። ገበታ ቀርቦ ሰው ከብቦ ሲቀመጥ፣ ከተቀመጠው ሰው እጅ ሌላ አንዲት እጅ አያለሁ። የእናቴ እጅ ናት። ጉርሻ ይዛ ወደ አፌ ተዘርግታለች፤ አትቀርብም፣ አትመለስም። ስበላ ትጠፋለች፣ ሳቆም ትመጣለች። እናቴ ከሞተች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ይህን ለማን ይናገሩታል? አስረው ጠበል ይወስዱኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በመርፌ ነው። አንድ የክረምት ጠዋት ክር ላስገባ ብዬ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋኝ። ጉም መስሎኝ ነበር፤ በክረምት ከሳንቃ በር ተራራ በኩል የሚወርደው ጉም ሱቅ ውስጥ ድረስ ይገባል። ወደ በሩ ወጣሁና ክሩን በምራቄ አርሼ ሞከርኩ። አሁንም የለም። ቀና ስል ማዶ ያለው የሥጋ ቤቱ ጽሑፍ ሳይቀር ተደበላልቆብኛል። ጉሙ ያለው ዓይኔ ውስጥ ነው። "በስመ አብ!" ብዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የልጄ አባት ዛሪማ ወርዶ ሌላ ትዳር ይዞ ከቀረ ዘመን ሆኖታል፤ እኔንና ልጄን የሚያበላን ይኸው ዓይኔ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ዶክተር ደሜን አስመርምሮ፣ ሚዛን ላይ አቁሞኝ፣ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና "ስኳር አለብዎት" አለኝ። "ግፊትም አለ። መድኃኒት አዝልዎታለሁ፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ግን መድኃኒቱ ብቻውን ዓይንዎን አያድነውም። ምግብ ያበዛሉ?"

"እኔ?" ቱግ አልኩ። "እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ! ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ጽጌን ሳይቀር የምጾም ሰው ነኝ!"

የእኛ ሰው ስሕተት ይህ ነው። የጾም ከሆነ ምግብ አይመስለንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ እቆይና፣ ከዚያ በዘይት የተንተከተከ ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ በላዩ ላይ የስንዴ ዳቦ አከታትላለሁ። ሥጋና ቅቤ እስካልነካሁ ድረስ ምንም አልበላሁም ብዬ እምል ነበር። ዶክተሩ የአገሩ ልጅ ነው መሰለኝ አልሳቀብኝም። አንዲት ወረቀት ጽፎ "በኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን የሥነ ልቦና ባለሙያም ያነጋግሩ" አለኝ።

"ምን ታደርገኛለች?"

"ታዋራዎታለች።"

"ዶክተር፣ እኔ ወሬ አጥቼ አልመጣሁም! አበደች አሉህ እንዴ?" ብዬው ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ዓይኔ ትዝ አለኝ። ተመለስኩ።

ባለሙያዋ ከልጄ ብትበልጥ በጥቂት ነው። ሲስተር አልኳት፤ እዚያ ቤት ነጭ ለባሽ ሴት ሁሉ ሲስተር ናት። ምግቡን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ፣ እንጀራው በግማሽ፣ ጎመንና ምስር እንደልብ፣ ዳቦው ይቅር፤ በየጠዋቱ ከመናኸሪያው እስከ ከተማው ዳር በእግር። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ከባዶቹ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከትሪ መብላቴን ትቼ ለብቻዬ በሳህን እንድበላ፤ ከትሪ የበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም አለችኝ። ሁለተኛው ደብተር ነው። የበላሁትንና ስበላ በልቤ የነበረውን እንድጽፍ።

"በልቤ የነበረውን?" አልኳት። "ሽሮ ነዋ!"

"እሱንም ይጻፉት" አለችኝ፣ ሳትስቅ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሳህን አወጣሁ። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፈተናዋን አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋን የምትጠብቅበት ጊዜ ነበር። ትሪውን አየች፣ ሳህኔን አየች።

"ተጣላን እንዴ?"

"ሐኪም አዞኝ ነው። ብዪ ዝም ብለሽ።"

ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል ነው ያደግሁት። እሷ ከትሪው፣ እኔ ከሳህኔ በላን። ሳህኔ ባዶ ሲሆን ያቺ እጅ መጣች፤ በልጄ ትከሻ በኩል ተዘርግታ። አውራ ጣቷ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታየኛል። ተነሥቼ ጓሮ ወጣሁና ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ልጄ ሕመሙ መሰላት።

ወራት አለፉ። ቀሚሴ ሰፋኝ፣ የስኳሩም ልክ መውረድ ጀመረ። ይኼኔ መንደሩ ተነሣብኝ! ትናንት "አምሮብሻል" ያለችኝ ሁሉ ዛሬ አንገቷን ዘንበል አድርጋ "ምነው እቴ፣ ከሳሽ? ተመረመርሽ?" ትለኛለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ተመርምሬአለሁ፤ የአንቺ ወሬ ነው ያመመኝ" እላታለሁ። ከቤት ውጭ ግን አልቻልኩም። ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ዝክር አለ። በሄድኩበት ሁሉ አንዷ ጠቅልላ ትዘረጋልኛለች። "ጠግቤያለሁ" እላለሁ። "በሞቴ!" ትላለች። አፌ ይከፈታል። "አንድ ያጣላል!" ትላለች። ሁለተኛው ይገባል። በአንድ ማኅበር የሳምንቱ ልፋት ይናዳል። አንድ ወር ጨርሶ ሳልቀንስ፣ ይልቁንም ጨምሬ ተገኘሁ። ዶክተሩም ዓይኔን በመብራት አይቶ "እየባሰ ነው" አለኝ።

ሲስተር ደብተሬን ገለጠች።

"ቤትዎ ሲበሉ ልክዎን ያውቃሉ" አለችኝ። "ውጭ ሲሆኑ ግን በልብዎ የነበረው የሚለው ላይ ሁሌም አንድ ነገር ነው የጻፉት፤ 'በሞቴ አሉኝ' የሚል። እምቢ ቢሏቸው ምን ይሆናል?"

"ይሞታሉዋ!" አልኳት።

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች፤ እኔም አሥራ ሰባት ዓመት የያዝኩትን ነገርኳት።

እናቴ ከዳባት ወረድ ብሎ ባለ ገጠር ነበር የምትኖረው። የሚካኤል ዝክሯ ቀን ነው። የስምንት ወር ልጄን ለጎረቤት ጥዬ በጠዋት ሄድኩ። ቀኑ ሲገፋ ጡቴ ሞልቶ ቀሚሴን አራሰው፤ ልጄ ስታለቅስ ይሰማኝ ጀመር። ወደ ደባርቅ የምትመለሰው የመጨረሻዋ መኪና ካመለጠችኝ እዚያው ማደሬ ነው። እንግዳው ሄዶ ገበታው ላይ እናቴ፣ የወንድሜ ሚስትና እኔ ብቻ ቀርተናል። ልነሣ ስል እናቴ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ።

"አንዲት ብቻ። በሞቴ።"

"ጠግቤያለሁ አልኩሽ እኮ።"

"አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ።"

"እማ፣ ተይኝ በቃ! መኪናው ይሄድብኛል!" አልኩና እጇን በእጄ ጀርባ ገፋ አደረግሁት። እህል ገፋሁ። ነጠላዬን እያጣፋሁ ወጣሁ። በሩ ላይ ዞር ስል እጇ እንደተዘረጋች ነበረች። በአራተኛው ቀን ሞተች ብለው ላኩብኝ። በሞቴ ብላኝ፣ እምቢ ብያት፣ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ሰምቼ አፌን ዘግቼ አላውቅም። ለልጄም አንድ ቀን "በሞቴ" ብያት አላውቅም፤ ቃሉን ቤቴ ውስጥ አላስገባሁትም።

ለንስሐ አባቴ ነግሬአቸው እንደነበርም ነገርኳት። "ልጄ፣ እናት በጉርሻ አትረግምም" አሉኝና ለልቤ ማረፊያ አርባ ስግደት ሰጡኝ። በዚያ ጉልበት! ሰግጄ ስጨርስ የሁለት ሰው ምሳ በላሁ።

ሲስተር ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" የሚሉትን ነገር። እሷ ግን "ያቺ ጉርሻ ምን ሆነች?" አለችኝ።

"የቷ?"

"እናትዎ የያዟት። እርስዎ ከወጡ በኋላ ምን አደረጓት?"

አላውቅም። ስንት ዘመን ሙሉ ያቺን እጅ ሳያት፣ እንደተዘረጋች ነው የማያት። እኔ ከወጣሁ በኋላ እናቴ እጇን ትመልሳለች፣ የሆነ ነገር ታደርጋለች፣ የሆነ ነገር ትናገራለች ብዬ አስቤ አላውቅም። እዚያው እንደቆመች ነው ትቼያት የቀረሁት።

በሳምንቱ ዳባት ወረድኩ። ከመኪና ወርጄ ያንን ቁልቁለት በእግሬ ስይዘው ጉልበቴ እንደፈራሁት አልጮኸም፤ ይህም ደነቀኝ። የወንድሜ ሚስት ብቻዋን ነበረች፤ ወንድሜ ከብት ሊያይ ወጥቷል። ሰላምታውን ጨርሰን ስንቀመጥ ዳር ዳር ማለት አልቻልኩም።

"ያን ቀን፣ የእማ የመጨረሻ ዝክር ቀን፣ ስወጣ ጉርሻ ይዛ ነበር። ምን አደረገቻት?"

"የቱን ጉርሻ?"

"እምቢ ያልኳትን! ገፍቻት የወጣሁትን!"

"ገፍተሻት ነበር እንዴ?" አለችና አሰበች። ከልቧ አሰበች። "ኧረ እኔ እንጃ። ጉርሻ እኮ ነው፤ ማን ያስታውሰዋል?"

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ዓይኔን እስከማጣት ያደረሰኝን ነገር ያየችው ብቸኛ ሰው አታስታውሰውም። ልጮህባት ፈለግሁ። እሷ ግን ቀጠለች፤ "እኔ የማስታውሰው ሕመሟን ነው። ያን ሰሞን ደረቷን ሲወጋት ነበር የሰነበተው። 'ሕፃን ታጠባለች፣ እንዳትነግሯት፣ ወተቷ ይደርቃል' ብላ አስማለችን።"

እየታመመች ነበር የዘረጋችልኝ። ይህንን ስሰማ ይቀለኛል ብላችሁ እንደሆነ አልቀለለኝም። ይብሱን ያቺ እጅ ስትንቀጠቀጥ ይታየኝ ጀመር። የወንድሜ ሚስት ዕንባዬን አይታ ደነገጠች፤ ገበታ አቀረበች፤ ጠቀለለች። "በሞቴ፣ አታልቅሺ፣ ጉረሺ" አለችኝ። ጎረስኩ። ሦስት ጊዜ። ማታውን ደብተሬ ላይ "ሦስት" ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ሲስተር አልተቆጣችኝም። ሌላ ቀን እንሞክራለን አለችኝ፤ እምቢ ማለትን ክፍሏ ውስጥ ታለማምደኝ ጀመር። እሷ ባዶ እጇን ትዘረጋለች፣ እኔ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በቃኝ" እላለሁ። የትልቅ ሰው ጨዋታ! "በሞቴ" ስትለኝ ግን ባዶ እጅ መሆኑን እያየሁ አንገቴ ላይ ላብ ይወርድ ነበር። ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት። ከእሷ ጋር በተለማመድን ማግስት ደህና መዋሏን ለማየት በሐኪም ቤቱ በር በኩል እመላለሳለሁ።

የልጄ ምደባ መጣ። ሩቅ ነው። መኪናዋ የሚነሣው በማለዳ ስለሆነ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ፍርፍር ሠራሁላት። ጉሙ ደጁን ዘግቶታል። ቆማ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀማመሰችና ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

"ምንም አልበላሽም" አልኳት።

"በቃኝ፣ እማዬ።"

ጠቅልዬ ዘረጋሁ። "አንዲት ብቻ። በሞቴ።"

የማን ድምፅ እንደነበረ አላውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለእሷ ያላልኩት ቃል ነው። ልመልሰው ብል ወጥቷል።

"እማዬ፣ መኪናው ይሄድብኛል!" አለችኝና ጉንጬን ስማ ሮጠች። ባጃጁ ደጅ ይጠብቃታል። ድምፁ ጉሙ ውስጥ እየራቀ ሄደ።

እጄ እንደተዘረጋች ቀረች። አየኋት። የእናቴ እጅ ናት፤ ጣቷም፣ የአውራ ጣቷ ስንጥቅም። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ቁጣው፣ ቅያሜው፣ እርግማኑ ከየት እንደሚመጣ ልይ ብዬ። ምንም አልመጣም። ያሰብኩት "ወፍራሙን ሹራቧን ይዛ ይሆን?" የሚለውን ብቻ ነው። ቀጥሎ ደግሞ፣ አለመያዟ ትዝ አለኝና "አይ ይቺ ልጅ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለብቻዬ። እናቴም ያን ቀን ይህንኑ ብላ ይሆናል። ጉርሻዋን ትሪው ላይ መልሼ አስቀመጥኳት። አልበላኋትም። እጄን ታጠብኩና ሱቄን ልከፍት ወጣሁ።

ልቤ ይህን ተረዳ፤ ፍርሃቱ ግን በዚያ አልተወኝም። ቀን መቁጠር ጀመርኩ፤ እናቴ በአራተኛው ቀን ነበር የሞተችው። በሁለተኛው ቀን ደረቴን የወጋኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ለንስሐ አባቴ ልናገር ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሄጄ አፍሬ ተመለስኩ። ምን ልበላቸው? ልጄን በሞቴ ብያት እምቢ አለችኝ፣ ልሞት ነው ልበላቸው? በአራተኛው ቀን ሱቄን ከፍቼ፣ ሥራ ሳልጀምር፣ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቁጭ አልኩ። ረፋድ ሆነ። ከዚያ፣ ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ ሜትሩን አውርጄ ወገቤ ላይ አዞርኩት። ከወራት በፊት ከሐኪም ቤት በተመለስኩ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ብሞክረው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ ብሎኝ ወርውሬው ነበር። አሁን ገጠመ፤ አራት ጣትም ተረፈው። በመርፌ ክር ለማስገባት ሞከርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ገባ።

ስልኩ ሲጮህ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጄ ናት። ድምፅዋ ታፍኗል።

"እማዬ… ያን ቀን ጉርሻሽን ሳልቀበል ሄድኩ። በሞቴ ብለሽኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ሁሉ ሲከነክነኝ፣ ስፈራ ሰነበትኩ፤ አልተቀየምሽኝም? ደህና ነሽ?"

ከማዶ ሥጋ ቤቱ ደጅ ሰው ምሳ ሊበላ እየተቀመጠ ነው። ጽሑፉን በደንብ አላነበውም፤ ያለሁበትን ግን አያለሁ።

"አለሁ" አልኳት። "አለሁ፣ ልጄ። ሹራብሽን ረስተሽ ሄድሽ አይደል?"